አንድ መኪና፣ ሁለት አሽከርካሪ

ስለ ፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር የምንጊዜም ታላላቅ አሽከርካሪዎች ደረጃ ሲነሳ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም የሚያልቀውም በድል ብዛት ነው። እስከ 2024 የውድድር ዘመን መጨረሻ ድረስ ሉዊስ ሃሚልተን 105 ጊዜ አሸንፏል፤ ሚካኤል ሹማኸር በ91 ድል ይከተለዋል፤ ሁለቱም ሰባት ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታናሽ ወንድሜ ይህን ቁጥር ከጠቀሰ በኋላ የሚቀር ነገር ያለ አይመስለውም። እኔ ደግሞ ቁጥሩን አልክድም፤ ነገር ግን ከዘመን ዘመን የሚቆጠረው ነገር አንድ እንዳልሆነ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፤ ዛሬ ሐሳቤን ሰብሰብ አድርጌ በጽሑፍ ላቀርበው ወስኛለሁ።

የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1950 ሲካሄድ ዓመቱን ሙሉ የተደረጉት ውድድሮች ሰባት ብቻ ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ አውሮፓውያኑ የማይሄዱበት የአሜሪካው ኢንዲያናፖሊስ ነበር። በ2024 ግን 24 ውድድር ተካሄደ። አርጀንቲናዊው ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ በመላ የሻምፒዮና ዘመኑ የተሰለፈው በ51 ውድድር ነው፤ ሃሚልተን ከ350 በላይ በሆነ ጊዜ ተሰልፏል። የነጥቡም ነገር እንዲሁ ነው፤ በፋንጂዮ ጊዜ ለአሸናፊው ይሰጥ የነበረው 8 ነጥብ ሲሆን ዛሬ 25 ነው። ከዚህም በላይ ለብዙ ዓመታት የአሽከርካሪው ውጤት ሁሉ አይደመርም ነበር፤ የሚቆጠሩለት የተሻሉት ብቻ ነበሩ። በ1988 አላን ፕሮስት በጠቅላላው 105 ነጥብ፣ አይርተን ሴና ደግሞ 94 ነጥብ ሰበሰቡ፤ ይሁንና ሕጉ የሚቀበለው 11 ምርጥ ውጤቶችን ብቻ ስለነበር ሴና በ90 ለ87 ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ ዓመት ማን የተሻለ እንደነበር የወሰነው የሒሳቡ ደንብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ የባሰ የሚያሳዝነኝ የ1958ቱ ውጤት ነው። ስተርሊንግ ሞስ አራት ውድድር አሸነፈ፤ ማይክ ሆውቶርን አንድ ብቻ። ሻምፒዮን የሆነው ግን በ42 ለ41 ነጥብ ሆውቶርን ነው። በዚያው ዓመት በፖርቱጋል ውድድር ሆውቶርን መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ከአቅጣጫ ውጭ ነድቷል ተብሎ ውጤቱ ሊሰረዝበት ሲል፣ ለዳኞቹ ቀርቦ ጥፋት እንዳልሠራ የመሰከረለት ራሱ ተፎካካሪው ሞስ ነበር። በዚያ ምስክርነት የዳኑት ነጥቦች የሞስን ዋንጫ ወሰዱ፤ ሞስም አንድ ጊዜ እንኳ ሻምፒዮን ሳይሆን ከውድድር ዓለም ተሰናበተ። ደረጃን በዋንጫ ብዛት ብቻ የሚያወጣ ሰው ሆውቶርንን ከሞስ በላይ ሊያስቀምጥ ይገደዳል፤ እኔ እንዲህ ያለውን ዝርዝር ልቀበለው አልችልም።

አንዳንዱ ብዛቱን ትቶ በመቶኛ ያሰላል። ያኔ ፋንጂዮ ከ51 ውድድር 24ቱን አሸንፎ ከማንም በላይ ይወጣል። ደስ የሚያሰኝ ውጤት ቢሆንም እርሱም ቢሆን የመኪናውን ድርሻ አይለይም። በእኛ አገር የአበበ ቢቂላን የሮም 2:15:16 ከቀነኒሳ በቀለ የበርሊን 2:01:41 ጋር ማነጻጸር አስቸጋሪ ነው የምንለው ጫማው፣ ጎዳናውና ሥልጠናው ስለተለወጠ ነው፤ ሆኖም ሁለቱም የሮጡት በገዛ እግራቸው ነበር። በመኪና ውድድር ግን ከአሽከርካሪው በታች ሌሎች የሠሩት ሞተር አለ፤ ያ ሞተር ደካማ ከሆነ የሰውየው ችሎታ ከሰልፉ መካከል ተውጦ ይቀራል።

የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ይህን ሊለኩ ሞክረው ለውጤት ልዩነት የቡድኑ ድርሻ ወደ 86 በመቶ እንደሚደርስ፣ የአሽከርካሪው ግን ቀሪው ብቻ እንደሆነ አስልተዋል፤ በእነርሱ ስሌት አንደኛ የወጣው ፋንጂዮ ሲሆን ፕሮስትና ጂም ክላርክ ተከትለውታል። በ2020 ደግሞ ፎርሙላ ዋን ከአማዞን ጋር ሆኖ ከ1983 ወዲህ የተመዘገቡ የማጣሪያ ሰዓቶችን (ማጣሪያ ከውድድሩ በፊት የመነሻ ቦታ የሚወሰንበት የአንድ ዙር ፍጥነት ፉክክር ነው) በኮምፒውተር አስልቶ ሴናን አንደኛ አደረገ። በዚያ ዝርዝር በሕይወቱ አንድ ግራንድ ፕሪ ብቻ ያሸነፈው ሄይኪ ኮቫላይነን ስምንተኛ ሲወጣ፣ አራት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ፕሮስት ከአሥሩ ውስጥ አልገባም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተለካው የአንድ ዙር ፍጥነት ብቻ ነው። ፕሮስት ግን ሕይወቱን ሙሉ ያሰበው ስለ መጨረሻው ዙር ነበር።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። አንድ ቡድን ሁለት መኪና ያሰልፋል፤ መኪኖቹ መንታ ናቸው፤ መካኒኮቹም ነዳጁም ጎማውም ከአንድ ቤት የሚወጡ ናቸው። ስለዚህ የአንድ አሽከርካሪ ችሎታ ከምንም በላይ የሚታየው ያው መኪና የተሰጠው ሌላ ሰው ከሠራው ጋር ሲነጻጸር ነው። ያ ሌላ ሰው ማን እንደነበረ፣ በእኩል ዓይን ታይቶ እንደሆነ፣ መኪናውስ ለማን ልክ እንደተሠራ አብሮ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥያቄውን አጥብቆ ለያዘ ሰው ስማቸው የገነነ አንዳንዶች ዝቅ ይሉበታል፤ ሌሎች ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ይወጣሉ።

ለዚህ መለኪያ ከ1988 እና ከ1989 የማክላረን ቡድን የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ሴናና ፕሮስት፣ ሁለቱም በብርታታቸው ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት መኪና ሁለት ዓመት ተፋለሙ። በመጀመሪያው ዓመት ቡድኑ ከ16 ውድድር 15ቱን አሸነፈ፤ ስምንቱ የሴና፣ ሰባቱ የፕሮስት ነበሩ። በሁለቱ ዓመታት ሴና 26 ጊዜ ከቀዳሚው መነሻ ቦታ ሲነሳ ፕሮስት አራት ጊዜ ብቻ ተነሳ። በ1988 በሞናኮ ማጣሪያ ሴና ፕሮስትን በ1.4 ሰከንድ በለጠው፤ በአንድ ዓይነት መኪና፣ በዚያች ጠባብ የከተማ መንገድ፣ ይህ ለማመን የሚከብድ ልዩነት ነው። እስከዚህ ድረስ ከሴና በላይ ማንም የለም። ነገር ግን በሁለቱ ዓመታት የተሰበሰበው ነጥብ ያለ ቅናሽ ሲደመር ፕሮስት 186፣ ሴና 154 ይሆናል። የ1989 የሴና ሞተር ደጋግሞ እንደከዳው አውቃለሁ፤ ይህ ከልዩነቱ የተወሰነውን ያስረዳል። ይሁን እንጂ በ1988ቱ የሞናኮ ውድድር ሴና አንድ ደቂቃ ያህል እየመራ ሳለ ብቻውን ከግንብ ጋር ተጋጭቶ ድሉን ለፕሮስት መስጠቱ የሞተር ነገር አልነበረም። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የቅዳሜውን ማጣሪያ ነው፤ እሑድ ያሸነፈው ግን ፕሮስት ነበር።

የእነዚህ ሁለት ሰዎች ዕጣ አስቀድሞም የተሳሰረ ነበር። በ1984 በሞናኮ ከባድ ዝናብ ወርዶ ፕሮስት እየመራ፣ ገና ጀማሪ የነበረው ሴና በደካማዋ ቶልማን መኪና እየደረሰበት ሳለ ውድድሩ በመካከሉ ተቋረጠ። ሁለተኛ በወጣበት በዚያ ቀን የሴና ስም ተተከለ። ፕሮስት ድሉን አገኘ፤ ውድድሩ ባለማለቁ ግን የተሰጠው ግማሹ፣ ማለትም 4.5 ነጥብ ብቻ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ የቡድን አጋሩ ኒኪ ላውዳ በ72 ለ71.5 ሻምፒዮን ሆነ። ውድድሩ እስከ መጨረሻው ቢዘልቅና ሴና ቢቀድመው እንኳ ለሁለተኛነት 6 ነጥብ ይሰጥ ስለነበር ፕሮስት በዚያ ዓመት ዋንጫውን ያነሳ ነበር። በዓመቱ ሰባት ያሸነፈው እርሱ፣ አምስት ያሸነፈው ላውዳ እንደነበርም መታወስ አለበት።

ፕሮስት አብሮ የተሰለፋቸው ሰዎች ዝርዝር ራሱ ማስረጃ ነው፤ ላውዳ፣ ኬኬ ሮዝበርግ፣ ሴና፣ ናይጀል ማንሰል፣ ዴመን ሂል። አምስቱም አንድም አስቀድመው፣ አንድም ኋላ ሻምፒዮን የሆኑ ናቸው። እንዲህ ያለ የአጋር ሰልፍ ያለፈ ሌላ አሽከርካሪ አላገኘሁም። በዚህ ምክንያት፣ ብዙ ወዳጆቼን የሚያስቆጣ ቢሆንም፣ ፕሮስትን ከሴና አንድ ደረጃ አስቀድማለሁ። ሌላም ምክንያት አለኝ። በ1990 በሱዙካ ሴና በመጀመሪያው መታጠፊያ የፕሮስትን መኪና ሆን ብሎ ገጭቶ ሁለቱም ከውድድር ወጡ፤ ዋንጫውም በዚያ የሴና ሆነ፤ ሆን ብሎ ማድረጉንም በዓመቱ ራሱ ተናግሯል። ሴና በግንቦት 1 ቀን 1994 በኢሞላ ከሞተ ወዲህ ስለ እርሱ መጻፍ ከባድ ነው፤ ሐዘን ፍርድን ያለሳልሳል። እኔም የሞናኮ ዙሮቹን በቪዲዮ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሸነፋል፤ ደረጃ ሳወጣ ግን ሱዙካን ልረሳው አልችልም።

በዚሁ መለኪያ ሹማኸር ይጎዳል። ችሎታውን የሚጠራጠር ሰው በ1996 በባርሴሎና ዝናብ ውስጥ ያደረገውን ይመልከት፤ የዚያን ዘመን ፌራሪ ከዊሊያምስ ጋር የሚወዳደር መኪና አልነበረም፤ እርሱ ግን ሁለተኛውን በ45 ሰከንድ ጥሎት ገባ። ቤኔቶን የተባለው ቡድን እንደገባ በ1991 በጣሊያን ሞንዛ ያደረገው የመጀመሪያ ውድድሩም ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ከነበረው ኔልሰን ፒኬ ቀድሞ የጨረሰበት ነበር። ይሁንና በድሎቹ ዓመታት አጠገቡ የተቀመጡት ሰዎች ሥራ እርሱን መርዳት ነበር። በ2002 በኦስትሪያ የቡድን አጋሩ ሩቤንስ ባሪኬሎ ውድድሩን ሲመራ ቆይቶ ከመጨረሻው መስመር ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩት በቡድኑ ትእዛዝ ድሉን ለሹማኸር ለቀቀ፤ ተመልካቹም ሁለቱንም በጩኸት አዋረዳቸው። እንዲህ ባለ ቤት የተገኘ ድል ከእኩያ ጋር ተፎካክሮ ከተገኘ ድል እኩል አይመዝንም። በ1997 በኼሬስ ዣክ ቪልነቭን ለመግጨት በመሞከሩ የዓመቱ ሁለተኛነቱ ተሰርዞበታል፤ ይህም በሚዛኑ ላይ ይቀመጣል።

ሃሚልተን ግን ከእኩዮቹ ጋር ተቀምጧል። በ2007 ገና ጀማሪ ሳለ የሁለት ተከታታይ ዓመታት ሻምፒዮን ከነበረው ከፈርናንዶ አሎንሶ ጋር በአንድ ቡድን ተሰልፎ ሁለቱም በእኩል 109 ነጥብ፣ በእኩል አራት ድል ጨረሱ። ከጄንሰን ባተን ጋር ሦስት ዓመት፣ ከኒኮ ሮዝበርግ ጋር አራት ዓመት ተፎካክሯል፤ ባተን በሦስቱ ዓመት ድምር ነጥብ ትንሽ በልጦታል፣ ሮዝበርግም በ2016 በ385 ለ380 ዋንጫውን ወስዶበታል። እነዚህን ሽንፈቶች የሚጠቅሱበት ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔ ግን የምቆጥርለት ሽንፈት ሊደርስበት በሚችልበት ቤት ደጋግሞ መግባቱን ነው፤ ከሹማኸር በላይ የማስቀምጠውም ስለዚሁ ነው።

ስለ ጂም ክላርክ ስጽፍ ራሴን መቆጣጠር ይቸግረኛል። ከስኮትላንድ የገጠር እርሻ የመጣው ይህ ዝምተኛ ሰው በ72 ውድድር 25 ጊዜ አሸንፎ 33 ጊዜ ከቀዳሚው ቦታ ተነሥቷል። ሻምፒዮን የሆነው በ1963 እና በ1965 ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ነገር ግን በ1962 የመጨረሻውን ውድድር በደቡብ አፍሪካ እየመራ ሳለ፣ በ1964ም የመጨረሻውን ውድድር በሜክሲኮ እየመራ ሳለ፣ ሁለቱንም ጊዜ የሞተሩ ዘይት ፈስሶ ዋንጫው ከእጁ አመለጠ። ሁለት የዘይት ፍሳሾች ባይኖሩ ኖሮ ከ1962 እስከ 1965 አራት ተከታታይ ዋንጫ ነበር። ክላርክ የሚነዳቸው የኮሊን ቻፕማን ሎተስ መኪኖች ፈጣኖች ነበሩ፤ ክብደት ለመቀነስ ሲባል ግን ሁሉ ነገራቸው ስስ ነበር። በ1963 በቤልጂየም ስፓ፣ በከባድ ዝናብ፣ ማርሹ አልይዝ እያለው በአንድ እጁ ማርሹን ጨብጦ በሌላው መሪውን እየያዘ ነድቶ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ ተኩል በላይ ጥሎ ገባ። በ1967 በሞንዛ ጎማው ተበላሽቶ አንድ ሙሉ ዙር ወደ ኋላ ቀረ፤ ያን ዙር ሙሉ በሙሉ አስመልሶ መሪነቱን ያዘ፤ በመጨረሻው ዙር ግን ነዳጁ ወደ ሞተሩ መድረስ አቁሞበት ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ያላሸነፈበት ውድድር ነው፤ እኔ ግን ከብዙ ድሎች አስበልጠዋለሁ።

ለክላርክ የሚቀርበው ተቃውሞ አጋሮቹ ደካሞች ነበሩ፣ ጥሩው መኪና ለእርሱ ይሰጥ ነበር የሚል ነው። እውነትነት አለው። ሆኖም በ1967 የ1962ቱ ሻምፒዮን ግራሃም ሂል በሎተስ አብሮት ተሰለፈ፤ በዚያ ዓመት ክላርክ አራት ሲያሸንፍ ሂል አንድም አላሸነፈም፤ ከቀዳሚው ቦታ በመነሣትም ክላርክ በስድስት ለሦስት በለጠው። በሚያዝያ 1968 በሆክንሃይም፣ ከፎርሙላ ዋን አንድ ደረጃ ዝቅ በሚለው በፎርሙላ ቱ ውድድር ላይ ሞተ፤ የሞተው ገና በ32 ዓመቱ ነው።

ከሁሉም አስቀድሜ የማስቀምጠው ግን ፋንጂዮን ነው። አምስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው በአራት የተለያዩ ፋብሪካዎች መኪኖች ነው፤ አልፋ ሮሜዮ፣ መርሴዲስ፣ ፌራሪና ማሴራቲ። በዚህ ረገድ የሚስተካከለው የለም። መኪና ሲቀየር ውጤቱ የማይቀየር ከሆነ የውጤቱን ምንጭ ሰውየው ጋ መፈለግ ይገባል። በ1955 በመርሴዲስ አብሮት የነበረው ወጣቱ ሞስ ነበር፤ ያን ዓመት ፋንጂዮ አራት፣ ሞስ አንድ አሸነፉ። ሞስም እስከ ዕድሜው መጨረሻ ፋንጂዮን የሁሉም የበላይ አድርጎ ሲናገርለት ኖሯል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ዕድሜው ነው፤ የመጨረሻውን ዋንጫ ያነሣው በ46 ዓመቱ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በ1952 ሌሊቱን ሙሉ ከፓሪስ ነድቶ ሞንዛ በመድረስ፣ ድካሙ ሳይወጣለት ተወዳድሮ አንገቱ ተሰብሮ ነበር።

ነሐሴ 4 ቀን 1957 በኑርበርግሪንግ የተደረገውን ውድድር ሳልተርክ ማለፍ አልችልም። አንዱ ዙር ወደ 23 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ በጫካ መካከል የሚጠማዘዝ መንገድ ነው። ፋንጂዮ ማሴራቲውን ግማሽ ነዳጅ ሞልቶ ለመነሣት፣ በመካከሉ ቆሞ ነዳጅና ጎማ ለመለወጥ ወሰነ፤ የፌራሪዎቹ ሆውቶርንና ፒተር ኮሊንስ ግን ሳይቆሙ ሊጨርሱ ነበር። ፋንጂዮ ሲቆም የነበረው ብልጫ ወደ 30 ሰከንድ ነበር፤ ሥራው ተጓትቶ ሲወጣ ግን ከሁለቱ ወደ 50 ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የዙር ክብረ ወሰኑን ደጋግሞ ሰበረው። በ20ኛው ዙር ያስመዘገበው 9:17.4 እርሱ ራሱ በማጣሪያ ከነዳው 9:25.6 ከስምንት ሰከንድ በላይ የፈጠነ ነበር፤ በማጣሪያ ቀን አሽከርካሪ ያለውን ሁሉ ስለሚሰጥ ይህን ልዩነት ደግሜ ባሰብኩት ቁጥር ይከብደኛል። በ21ኛው ዙር ሁለቱንም አልፎ በ3.6 ሰከንድ አሸነፈ። እንደዚያ ዳግመኛ መንዳት እንደማይፈልግ ከዚያ በኋላ ራሱ ተናግሯል። ከእርሱ ጋር ለሽልማት ከቆሙት ከሁለቱ እንግሊዛውያን ኮሊንስ በዓመቱ በዚያው በኑርበርግሪንግ፣ ሆውቶርን ደግሞ በጥር 1959 በሕዝብ መንገድ ላይ በአደጋ ሞቱ። የዚያን ዘመን አሽከርካሪ ስንመዝን እያንዳንዱ ዙር በምን ዋጋ ይነዳ እንደነበር መርሳት የለብንም።

ለፋንጂዮ የሚነሣውን ተቃውሞ አልሸሸውም። ምርጡን መኪና መርጦ የመግባት ችሎታው የታወቀ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሕጉ ስለሚፈቅድም መኪናው ሲበላሽ የአጋሩን ይረከብ ነበር። በ1956 በሞንዛ መሪው የተበላሸበት ፋንጂዮ ዋንጫውን ያነሣው፣ ራሱ ሻምፒዮን የመሆን ዕድል የነበረው ኮሊንስ ከመኪናው ወርዶ ስለሰጠው ነው። ይህን የኮሊንስን ልግስና ከፋንጂዮ ሒሳብ ላይ እቀንሳለሁ፤ የ1956ቱን ዋንጫ ሙሉ በሙሉ ብንተውለት እንኳ አራት ይቀሩታል፤ አራቱም በቂዎች ናቸው።

ጃኪ ስትዋርትና ላውዳ ከእነዚህ ቀጥለው ይመጣሉ። ስትዋርት በ99 ውድድር 27 ጊዜ አሸንፎ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1966 በስፓ ነዳጅ እየፈሰሰበት በተሰበረ መኪና ውስጥ ከተያዘ በኋላ ለአሽከርካሪዎች ደኅንነት ያደረገው ትግል ብዙ ነፍስ አድኗል፤ ግን ይህ የሰውነት ታላቅነት እንጂ የመንዳት ስላልሆነ በዚህ ሚዛን ላይ አላደርገውም። ላውዳ በ1976 ተቃጥሎ ከስድስት ሳምንት በኋላ በሞንዛ አራተኛ ሆኖ መጨረሱን ግን እቆጥርለታለሁ፤ ያ የተሠራው መሪ ይዞ ነውና።

ስለዚህ ፋንጂዮ፣ ክላርክ፣ ፕሮስት፣ ሴና፣ ሃሚልተን፣ ሹማኸር፣ ስትዋርትና ላውዳ እላለሁ፤ ሞስ ያለ ዋንጫ ከእነርሱ አጠገብ ይቀመጣል። የሚያስቸግረኝ ማክስ ቨርስታፐን ነው። በ2023 ከ22 ውድድር 19ኙን አሸንፏል፤ በ2024 በብራዚል ዝናብ ከ17ኛ ቦታ ተነሥቶ አንደኛ ገብቷል። በዚያው ዓመት እርሱ 437 ነጥብ ሲሰበስብ ሰርጂዮ ፔሬዝ በዚያው መኪና 152 ብቻ ሰበሰበ። ልዩነቱ የሰውየው ነው ወይስ መኪናው ለእርሱ አነዳድ ብቻ እንዲመች ሆኖ መሠራቱ? ሁነኛ ተፎካካሪ አጠገቡ የነበረው ዳንኤል ሪካርዶ ብቻ ሲሆን፣ በ2017 ሪካርዶ በ200 ለ168፣ በ2018 ደግሞ ቨርስታፐን በ249 ለ170 በለጡ፤ ያኔ ቨርስታፐን ገና 20 ዓመት አካባቢ ነበር። ወንድሜ ከአሁኑ አንደኛ አድርጎታል። እኔ ለጊዜው ከሹማኸር ቀጥሎ አስቀምጬዋለሁ፤ እንደ ሻርል ለክሌር ወይም እንደ ላንዶ ኖሪስ ያለ ሰው በዚያው መኪና አጠገቡ ተሰልፎ አንድ ሙሉ ዓመት እስካይ ድረስ ከዚያ አላነሣውም።